የማይጮኸው ቧንቧ

እትዬ ተዋበች ማረፋቸውን ልጃቸው ከካልጋሪ ደውላ ስትነግረኝ እጄ እስከ ክርኑ ድረስ ውሃ ውስጥ ነበር። የዓሣ ገንዳ እያጸዳሁ ነው። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ወትፌ "እግዜር ያጽናሽ ልጄ" አልኳት፤ ውሃው ከክርኔ እየወረደ ነጠላ ጫማዬ ላይ ይንጠባጠባል። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣

"ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው? ውሃ ይሰማኛል" አለችኝ።

"የእናትሽን አጉራሽ እያጠብኩ ነው" ብላት፣ በዚያ ሁሉ ልቅሶ መሃል ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳቅሁ። እትዬ ተዋበች ከዚህ የተሻለ መርዶ የሚወዱ አይመስለኝም።

አጉራሹ ምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ ግን ቀስ ብዬ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ስለማያልፍ ብዕሬም ቀስ ማለት ነው የሚያውቀው። ደግሞም "ቀስ" የሳቸው ቃል ነበረች።

ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ፎቅ ላይ፣ በር ለበር ስንኖር ብዙ ዘመናችን ነው። ረጅም ሴት ነበሩ፤ ድምፃቸው ደግሞ ከቁመታቸው ይረዝማል። ሊፍቱ ሲከፈት ውስጥ ያለው ሰው አፍጋን ይሁን ፊሊፒኖ፣ "እንዴት አደራችሁ!" ብለው ነው የሚገቡት። መጀመሪያ ሰዉ ይደነግጥ ነበር። እየቆየ ሕንፃው ሁሉ ለመደውና መለሰላቸው። አንድ የፓኪስታን ሽማግሌ አለ፣ ከእኛ በታች የሚኖር፤ እሱማ ሲመሽም "እንዴት አደራችሁ" ነው የሚለኝ።

"እትዬ ተዋበች፣ ሲመሽ 'እንዴት አመሻችሁ' ነው ብለው ለምን አያርሙትም?" ብላቸው፣

"ቀስ በል ዘለቀ! ጠዋቱን አጥንቶ ሳይጨርስ ማታውን ልጫንበት?" አሉኝ።

ጥድፊያ አይወዱም። ማይክሮዌቩን ራሱ "ጥድፊያ" ነበር የሚሉት፤ "እስቲ ወጡን ጥድፊያ ውስጥ ክተተው" ይሉኛል። ሽንኩርት ጠበስ ባደረጉ ቁጥር የሚጮኸውን የጣራ ላይ የጭስ ማስጠንቀቂያ "አሳባቂው" ይሉታል። አውቶብስ ሊያመልጠን ሲል እኔ ከሮጥሁ ከኋላዬ ድምፃቸው ይመጣል፦ "አውቶብሱ ሞተር ስላለው ይሩጥ፣ አንተ ምን ቤት ነህ?" የሚገርመው ግን ሹፌሩ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። እሱንም "እንዴት አደራችሁ" ብለው አስለምደውታል።

ባለቤታቸው ጋሽ በዛብህ የሐረር ልጅ ናቸው፤ ዝምተኛ፣ ጨዋ ሰው። ያደጉበት ሰፈር ውሃ በተራ ነበር የሚመጣው። ውሃ የመጣ ቀን ቤተሰቡ በሙሉ ባልዲና በርሜል ይዞ ይሰለፋል፤ ቧንቧ ከፍቶ የረሳ ልጅ ጉዱ ፈላ። ይሄ ነገር አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ቀረ። ቶሮንቶ መጥተው የትልልቅ መሥሪያ ቤቶችን ፎቅ ሲያጸዱ ሥራቸው ወለል መወልወል ነበር፤ እሳቸው ግን የቢሮ ሠራተኞቹ ከፍተውት የሄዱትን ቧንቧ ሲዘጉ ነው የኖሩት።

እርጅና መጣና መርሳት ጀመራቸው። ቀኑን ረሱ። ምሳ መብላታቸውን ረሱ። የሚስታቸውን ስም ከጠሩ ስንት ጊዜ ሆነ፤ "አንቺ" ብቻ ነበር የሚሏቸው። ቧንቧ ግን አልተረሳም። የላይኛው ጎረቤት ገላውን ሲታጠብ ውሃው በግድግዳው ውስጥ ሲወርድ ከሰሙ፣ "ቧንቧ!" ብለው ይነሣሉ። ግድግዳ እየተደገፉ ወጥ ቤት ይሄዳሉ፣ የተዘጋውን ቧንቧ ጠበቅ አድርገው ይዘጋሉ፣ ይመለሳሉ። ተቀምጠው ወንበሩ ሳይሞቅ፣ እንደገና "ቧንቧ!"

ያን ጊዜ ወንበራቸው መስኮቱ ጋ ነበር። ቀኑን ሙሉ ዶን ቫሊ አውራ ጎዳና ላይ የሚፈስሰውን መኪና ያያሉ። "ይሄ ሁሉ ሰው ወዴት ነው የሚሄደው? እኛስ አንሄድም?" ይላሉ። ጫማቸውን ይጠይቃሉ። እትዬ ተዋበች ምሳ ሲያቀርቡላቸው፣ "ከደረስን በኋላ እንበላለን" ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። በዚህ ዓይነት ከስተው ከስተው የሸሚዝ ኮሌታቸው ለሁለት ሰው የሚበቃ ሆነ።

ገንዳው የመጣው ከአፍጋን ጎረቤታችን ነው። ቤት ሲለቅ ከነማጣሪያው በራቸው ላይ አምጥቶ፣ "ለአባት" ብሎ አስቀመጠላቸው። የመስተዋት ገንዳ ነው፤ ከሥሩ እንደ ባልዲ ያለ ማጣሪያ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ አንዱ ጎማ ውሃ ከገንዳው ወደ ማጣሪያው ያወርዳል፣ ሌላው የተጣራውን ወደ ገንዳው ይመልሳል። ድንጋይ ብቻ ነበረበት። እትዬ ተዋበች፣ "ባዶ ውሃማ ባኞ ቤትም አለኝ" ብለው ኤግሊንተን ዌስት መንገድ ላይ ካለ የዓሣ ሱቅ ጥቁር አፈርና ተክል አምጥተው፣ አፈሩን አልብሰው ተከሉበት። ሣር የሚመስል፣ ጤና አዳም የሚመስል፣ ቀይ ሥር ቅጠል የሚመስል፤ ጓሮ አደረጉት ብላችሁ ይቀላል። ከዚያ ትንንሽ ዓሦች፣ ከዚያም ከእህል ፍሬ ብዙ የማይበልጡ ሽሪምፖች ገቡበት።

የጋሽ በዛብህን ወንበር ከመስኮቱ አዙረው ወደ ገንዳው ፊት ለፊት አደረጉት።

በቃ። ጫማ መጠየቅ ቀረ። ሽማግሌው ቅጠሉ ሲወዛወዝ፣ ዓሣው በቅጠሉ መሃል ሲሹለከለክ እያዩ፣ አፋቸውን ሲከፍቱ እንኳ ሳያውቁት ምሳቸውን ይጎርሱ ጀመር። እትዬ ተዋበች በር አንኳኩተው፣ "ዘለቀ፣ በላልኝ! ጨርሶ በላልኝ!" ብለው ባዶውን ሳህን ሲያሳዩኝ ፊታቸው እንደ ሙሽራ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረ። የተጣራውን ውሃ የሚመልሰው አሮጌ የፕላስቲክ ቧንቧ ከገንዳው ከንፈር ላይ ተንጠልጥሎ ከላይ ነው የሚያወርደው። ይንፎለፎላል። እንግዲህ ጋሽ በዛብህ አንድ ጊዜ ይጎርሱና ጆሯቸው ይቆማል፤ "ቧንቧ!" ይላሉ፤ ይነሣሉ። አንድ ቀን ወጥ ቤት ደጃፍ ላይ ወደቁ። እግዜር አወጣቸው፣ ጎናቸው በለዘ እንጂ አልተሰበሩም። ወሬው ካልጋሪ ለመድረስ ግን ጊዜ አልፈጀበትም። እኔ ባለሁበት ልጃቸው ደወለች፤ እትዬ ተዋበች ሁልጊዜ የስልኩን ድምፅ ጮክ አድርገው ነው የሚያናግሩት።

"ማሚ፣ ሲሪየስሊ፣ ያን ታንክ አውጪው።"

"ታንክ? ጦርነት ላይ ነን እንዴ?"

"ማሚ! የዓሣውን ነው የምልሽ። አባዬ ሂፑ ቢሰበርስ? ኖ፣ ኖ፣ ለፋሲካ ስመጣ ያ ነገር ሲጮህ ከሰማሁ ራሴ ነኝ የማወጣው።"

ስልኩ ተዘጋ።  ገንዳው ከወጣ ወንበሩ ወደ መስኮቱ ሊመለስ ነው። ጫማ ሊጠየቅ ነው። "ከደረስን በኋላ እንበላለን" ሊባል ነው። ገንዳው ካልወጣ ደግሞ ወጥ ቤቱ ደጃፍ አለ። እትዬ ተዋበች ጥቂት አሰቡና ነጠላቸውን አጣፉ።

"ዘለቀ፣ ተነሥ። ውሃን ዝም የምታሰኝበት ዘዴ እንፈልግ።"

መጀመሪያ ካልሲ አለበስነው። የምሬን ነው፤ የጋሽ በዛብህን የሱፍ ካልሲ ቧንቧው አፍ ላይ አሠርንና ውሃው በካልሲው ውስጥ ቀስ ብሎ ወረደ። ጥቂት ደግ ሆነ። ከዚያ ካልሲው ተነፍቶ ተነፍቶ የሰው እግር አክሎ ወለቀና ገንዳው ውስጥ መዋኘት ጀመረ። ጋሽ በዛብህ በጣም አዝነው፣ "የማነው እግሩ የቀረ?" አሉ።

ቀጥሎ ቧንቧውን ወደ ታች ገፍተን አፉን ከውሃው በታች በሲባጎ አሠርነው። ጸጥ! ሽማግሌው ቁጭ እንዳሉ ምሳቸውንም ራታቸውንም በሉ። ደስ ብሎን ተለያየን። በማግስቱ ጠዋት እትዬ ተዋበች በሬን ሲደበድቡ ደርሼ ባይ፣ ዓሦቹ ሁሉ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ፤ ማኅሌት የቆሙ ነው የሚመስሉት። የውሃው ፊት የቀዘቀዘ መረቅ መስሎ ሞራ ጥሏል።

"አየር አጥተው ነው! ጸጥ አሰኘን ብለን አፍነናቸው አደርን!" ብለው በኩባያ ውሃውን እየጨለፉ ከላይ መልሰው ያንቆረቁሩት ጀመር። ዓሦቹ ነፍስ ዘሩ። ከጀርባችን ግን፣

"ቧንቧ!"

ያን ቀን ገባን። ውሃው ፊቱ መንቀሳቀስ አለበት፤ ግን መጮህ የለበትም።

የኤግሊንተን መንገድ ያን ጊዜ ለባቡር ሐዲድ ገና እንደተቆፈረ ነው። ሁለት አውቶብስ ቀይረን፣ በአጥርና በብርቱካናማ ሾጣጣ መሃል ስንንቀራፈፍ፣ እትዬ ተዋበች በመስኮት ጉድጓዱን አይተው፣ "ይሄን ሁሉ ዘመን የሚቆፍሩት ምን ጠፍቷቸው ነው?" አሉ ጮክ ብለው። ከኋላችን አንዲት ሐበሻ ሳቋ ተሰማ።

የዓሣ ሱቁ ባለቤት ሚስተር ክላይቭ የሚባል የጃማይካ ሽማግሌ ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት ሰው። እሱ በራሱ እንግሊዝኛ፣ እትዬ ተዋበች በአማርኛ፤ ሁለቱም በማይገባኝ መንገድ ይግባባሉ። ደንበኛው ስለሆኑ "ማማ" ይላቸዋል።

እትዬ ተዋበች ችግሩን ሲያስረዱት ቃል አላባከኑም። "ሿሿሿሿ" አሉ። ጆሯቸውን ቀሠሩ። "ቧንቧ!" ብለው እንደ ጋሽ በዛብህ ተነሡ፣ ግድግዳ እየዳበሱ ሄዱ፣ የዓሣ ምግብ ከተደረደረበት መደርደሪያ አጠገብ ሊወድቁ ሲሉ ደግፌ ያዝኳቸው። ሚስተር ክላይቭ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ዓይናቸውን አየና ሳቁን ተወ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ አገኘው፣ አወረደው፣ ወደ ጓዳ ገባ።

ሦስት ዓይነት ይዞ መጣና ሱቁ ውስጥ ባለ ገንዳ ላይ አንድ በአንድ እየገጠመ አሳየን። የመጀመሪያው ረጅም ሆኖ ጎኑ ሁሉ የተበሳሳ ነው፤ ውሃውን በቀጭን በቀጭኑ ይረጫል። ለስለስ ይላል። እኔ ወድጄው ነበር። እትዬ ተዋበች ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይሄ ዝናብ ነው። የሐረር ሰው ዝናብ ሲሰማ በርሜል ሊያወጣ አይነሣም?"

ሁለተኛው ብረት ነው፤ የሚያብረቀርቅ፣ የማይሰበር፣ የሚያምር።

"እንዴ፣ ይሄማ ራሱ ቧንቧው ነው! ገና ሲያየው ሊያዞረው።"

ሦስተኛው ብርጭቆ ነው። ስስ፣ ወደ ጫፉ እንደ ጥሩምባ አፉ የተከፈተ።

"ሊሊ" አለ ሚስተር ክላይቭ።

"ሊሊ ማናት? ልጁ ናት?" አሉኝ።

"የአበባ ስም ነው መሰለኝ እትዬ። ቅርጹ አበባ ስለሚመስል ነው።"

ሚስተር ክላይቭ ውሃ ውስጥ ሲከታት ጠፋች። የለችም። ብርጭቆው ውሃውን፣ ውሃው ብርጭቆውን መሰለና ቅጠሉ ብቻ ቀረ። የአፏን የላይኛውን ከንፈር ከውሃው ፊት ጋር አስተካከላት፤ ውሃው በሰፊው አፍ በዝግታ ተለቀቀ። የገንዳው ፊት ሊፈላ የተቃረበ ወተት ይመስል ስስ ሆኖ ይርገበገባል። ድምፅ ግን የለም።

"ይሰበራል እትዬ" አልኩ። "ብርጭቆ እኮ ነው።"

"ስንት ዘመን ብርጭቆ ሳጥብ የኖርኩ ሰው ነኝ! የሚሰበረው የሚቸኩል ሰው እጅ ላይ ነው።"

ውሃ የሚስበውንም ከዚያው ከብርጭቆ ወሰድን። የእሱ ጫፍ ቀጫጭን ክፍተት አለው፤ እትዬ ተዋበች የትንሿን ጣታቸውን ጥፍር አስገብተው ለኩና፣ "ሽሪምፖቼ በዚህ ያልፋሉ" አሉ። ሚስተር ክላይቭ ከመሳቢያ ውስጥ ወንፊት የመሰለ ስስ የሽቦ ክዳን አውጥቶ አለበሰላቸው። "ጎሽ፣ ሻሽ አሠረች!" አሉ። በመጨረሻ ስለ ጎማው ውፍረት ሲጠይቅ እኔ ደነገጥሁ፤ ማን ለካው? እትዬ ተዋበች ግን ከቦርሳቸው መሐረብ አወጡ፤ መሐረቡ ውስጥ ከጎማው ጫፍ የተቆረጠች ቁራጭ አለች። ልክ ለሩቅ ዘመድ ጫማ ለመግዛት የእግሩን ልክ በክር ወስደን እንደምንሄደው። ሚስተር ክላይቭ ቁራጯን ተቀብሎ ብርጭቆው ላይ ሰካት። ልክክ አለች።

ቤት ደርሰን መግጠም ጀመርን። ማጣሪያው ራስ ላይ በእንግሊዝኛ "ኢን" እና "አውት" ተጽፏል። ዕድሜዬን ፓርኪንግ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ኢንና አውት እኔን አያስቸግሩኝም። እንዳንሳሳት ብዬ በፕላስተር ላይ በአማርኛ "መግቢያ" እና "መውጫ" ብዬ ጻፍኩና ጎማዎቹ ላይ ለጠፍኩ። ከዚያ ቧንቧዎቹን አሰብኩ። ውሃ ወደ ገንዳው የሚገባው በሊሊ ነው፤ ስለዚህ ሊሊን መግቢያው ላይ። ውሃ ከገንዳው የሚወጣው በባለ ሻሿ ነው፤ ስለዚህ እሷን መውጫው ላይ። እትዬ ተዋበችም አይተው፣ "ትክክል ነው" አሉ። ሶኬቱን ሰካሁ።

ምን ልበላችሁ። ሊሊ ከላይ ሆና ውሃና አየር አብራ እየማገች እንደ ትንባሆ ጋያ ተንቦጫቦጨች። ባለ ሻሿ ከታች ሆና ያን ሁሉ ውሃ ገንዳው ወለል ላይ ተፋችው። ጥቁሩ አፈር ጢስ ሆኖ ተነሣ፤ ጤና አዳሙ ተነቅሎ ወጣ፤ ዓሦቹ እንደ ቅጠል ተሽከረከሩ። እኔ ሶኬቱን ፍለጋ ከቁም ሳጥኑ ሥር ገብቼ ስዳክር፣ ከላይ ድምፅ ሰማሁ።

"ጎርፍ መጣ፣ ተዋቡ! ቀሚስሽን ሰብስቢ!"

ጋሽ በዛብህ ናቸው። ጉልበታቸውን እየመቱ ይስቃሉ። ሶኬቱን ነቅዬ ስወጣ እትዬ ተዋበች እጃቸው ውሃ እያንጠባጠበ ቆመዋል፤ ገንዳውን አያዩም።

"ምን አልከኝ በዛብህ?"

"ቀሚስሽን ሰብስቢ እንጂ ተዋቡ፣ ትርሻለሽ።"

እትዬ ተዋበች ቀሚሳቸውን በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ሰበሰቡ። ልክ ጎርፍ እንደመጣ። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው እስኪያለቅሱ ሳቁ።

ሲረጋጉ ወደ እኔ ዞሩ።

"ዘለቀ፣ አንተ መግቢያ ያልከው ለማን ነው?"

"ለገንዳው ነዋ።"

"ፈረንጁስ?"

አሰብኩ። "ለማጣሪያው ይሆናላ።"

"አየህ! አንተ ከእኔ ቤት ስትወጣ የራስህ ቤት ገባሁ አይደል የምትለው? ለአንዱ መግቢያ ለሌላው መውጫ ነው። ይሄ ስም አይረባም።" ጣታቸውን በውሃው ውስጥ ወደ ባለ ሻሿ ቀሠሩ። "እሷ ከገንዳው ትወስዳለች፤ ጎራሽ ናት።" ወደ ሊሊ ዞሩ። "እቺ ደግሞ ለገንዳው ትሰጣለች፤ አጉራሽ። ጎራሽና አጉራሽን የሚያምታታ ሰው ካለ እኔ ቤት አይምጣ።"

ፕላስተሩን ልጬ "ጎራሽ" እና "አጉራሽ" ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ ወዲህ ተሳስተን አናውቅም።

አፈሩ እስኪረጋ ጠብቀን፣ ጓሮውን መልሰን ተክለን፣ እንደገና አስነሣነው። እትዬ ተዋበች አጉራሿን ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ ያደርጋሉ፤ ጆሯቸውን ለገንዳው ሰጥተዋል። "ፍሪጁን ንቀልልኝ፣ እሱ ያንኮራፋል" አሉ። ነቀልኩ። "ቀስ... ትንሽ... የጥፍር ያህል... በቃ!" የውሃው ፊት ይርገበገባል። ዓሦቹ መሃል ላይ ናቸው። ቤቱ ጸጥ አለ።

ሳህን ቀረበ። ጋሽ በዛብህ ጎረሱ። ጆሯቸውን አየሁት፤ አልቆመም። ደግመው ጎረሱ። እትዬ ተዋበች ሦስተኛውን ሲጠቀልሉ፣ ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሰደዱ፤ እንጀራውን ቆርሰው፣ በወጡ አጥቅሰው፣ ወደ ሚስታቸው አፍ ዘረጉት።

"እንካ" አሉ። ወንድና ሴቱ ተምታቶባቸው ነው። "እንካ፣ ጉረስ።"

እትዬ ተዋበች ጎረሱ። አፋቸው ሞልቶ፣ ዓይናቸው ሞልቶ፣ ወደ እኔ ዞረው፣ "አየህ፣ ጎራሽና አጉራሽ ስንል ሰምቶናል!" አሉኝ።

ለፋሲካ ልጃቸው መጣች። ሻንጣዋን በሩ ላይ አቁማ ጆሮዋን ሰጠች። "ማሚ፣ ኦፍ አድርገሽው ነው እንዴ?"

"እጅሽን ክተቺና እዪው።"

እጅጌዋን ሰብስባ አጉራሿ አፍ ላይ እጇን ዘረጋች። ውሃው በጣቶቿ መሃል ሲያልፍ ፊቷ ተለወጠ። አባቷ ከወንበራቸው ሆነው ተቆጧት፦ "አንቺ ልጅ፣ እጅሽን አውጪ። ዓሦቹ እየበሉ ነው!" አወጣች። አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ዶሮው እስኪቀዘቅዝ ከዚያ አልተነሣችም። ስለ ታንክ ያነሣ ሰው አልነበረም።

ጋሽ በዛብህ ከዚያ በኋላ ደህና ሰንብተው፣ ኮሌታቸውን ሞልተው፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት አንድ ጠዋት አልጋቸው ላይ አረፉ። ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ልጃቸውም ወደ ሥራዋ ከተመለሰች በኋላ፣ ከቤቴ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ይንፎለፎላል። ሮጥሁ፤ በሩ ክፍት ነው። እትዬ ተዋበች በጋሽ በዛብህ ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል።

"እትዬ! አጉራሿ ተሰበረች?"

"ምን ልትሰበር! ከፍ አደረግኋት እንጂ።"

"ይጮኻል እኮ!"

"ይጩኽ።" ወደ ወጥ ቤቱ አገጫቸውን ቀና አደረጉ። "ስንት ጊዜ ሙሉ ዝም ስናሰኝለት ከረምን። እስቲ አሁን ይነሣና ይዝጋው!"

ሳቃችንን ማቆም አቃተን። ነጠላቸው ለሁለታችን ዓይን አልበቃም።

በመጨረሻ ልጃቸው ለምና ለምና ወደ ካልጋሪ ወሰደቻቸው። ገንዳውን ለእኔ ተዉልኝ፤ ራሳቸው ቆመው አስገጠሙኝ። ሲወጡ በሩ ላይ ዞረው፣ "ጸጥታ ስትፈልግ ዝቅ አድርጋት፤ ሰው ሲናፍቅህ ከፍ" አሉኝ። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ይደውሉ ነበር። ሰላምታው ሳያልቅ፣ "እስቲ አሰማኝ" ይላሉ። ስልኩን ገንዳው ላይ እይዘዋለሁ።

"አይሰማም" ይላሉ። "እንግዲያ ደህና ነህ ማለት ነው።"

እንግዲህ ልጃቸው መርዶውን ነግራኝ፣ አልቅሳ፣ ስቃ ስልኩን ከዘጋች በኋላ፣ የጀመርኩትን ጨረስኩ። አጉራሿን በቀጭን ብሩሽ አጥቤ፣ ቀስ ብዬ መለስኳት። እጄ ላይ አልተሰበረችም። ከዚያ ከፍ አደረግኋት። የጥፍር ያህል ሳይሆን ከፍ፣ እስክትጮህ። ውሃው ተንፎለፎለ፤ ቤቱ ሰው የገባበት መሰለ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሳላስበው ወጥ ቤት ቆሜ ራሴን አገኘሁት። እጄ ቧንቧው ላይ ነው። ቧንቧው ተዘግቷል። ጠበቅ አድርጌ ዘጋሁትና ብቻዬን እስኪበቃኝ ሳቅሁ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ሳይሞቅ፣ እንደገና—

ቧንቧ!